ጫፉ ከውሃ ያልወጣ አምባ የባሕርን ጅረት እንዴት ያዞራል?

ጥያቄው የመጣው ደብረ ማርቆስ ላይ ጂኦግራፊ ከሚያስተምሩ መምህር ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «አንታርክቲካን የሚዞረው ትልቁ የባሕር ጅረት ከአፍሪካ በስተደቡብ አልፎ ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ ቆይቶ ከርጌለን አጠገብ ሲደርስ ካርታው ላይ ይከፈላል፤ የሚበዛው ወደ ሰሜን ይታጠፋል። ከርጌለን ግን ከጥቂት ደሴቶች በቀር የባሕር ውስጥ አምባ ነው፤ በላዩ አንድና ሁለት ኪሎ ሜትር የሚደርስ ውሃ አለ። ላይ ላዩን የሚሄደው ውሃ ከሥሩ ተራራ መኖሩን በምን ያውቃል? ‹ፍሮንት› ተብለው የተሰመሩት መስመሮችስ ምንድን ናቸው? ውሃ ከውሃ ጋር ተገናኝቶ እንዴት ሳይደባለቅ ይቀራል? ተማሪዎቼ ‹አባይ ጎጃምን እንደሚዞረው ነዋ!› አሉኝ። ልክ ናቸው?»

መምህር፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ተማሪዎችዎ መልኩን አይተዋል፤ ደስ የሚል እይታ ነው። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። አባይ ከባሕር ዳር ወጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ ጎጃምን አቅፎ የሚዞረው ውሃ ወደ ዝቅታ ስለሚወርድ ነው። መሐል ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው ጮቄ አለ፤ ወንዙ ተራራውን ሊወጣ አይችልምና ዳር ዳሩን ቦርቡሮ ሄደ። የከርጌለኑ ጅረት ግን ከአምባው በላይ ሰፊ የውሃ መንገድ ተከፍቶለት ሳለ ነው የማይሄድበት። እንቆቅልሹ እዚህ ላይ ነው፤ ለዚህም ነው ጥያቄዎን ወድጄ ረዘም አድርጌ የምመልሰው።

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ በዚያ ቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ ውሃው የላዩ ለብቻ፣ የታቹ ለብቻ ሆኖ አይሄድም። ከወለሉ እስከ ገጹ እንደ ቆመ ምሰሶ አንድ ላይ ነው የሚንቀሳቀሰው። የምሰሶው እግር አምባውን ሲነካ ራሱም አብሮ ይታጠፋል። እንዲህ የሚያደርገው መሬት በራሷ ዛቢያ ላይ መሽከርከሯ ነው።

አሁን ቦታውን እንይ። የከርጌለን አምባ በሕንድ ውቅያኖስ ደቡባዊ ጫፍ፣ ከ46 እስከ 64 ዲግሪ ደቡብ ኬክሮስ ገደማ ተጋድሞ ይገኛል። ርዝመቱ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ስፋቱ ቢለካ ከኢትዮጵያ አያንስም። ከውሃ የወጡት ጥቂት ጫፎች ብቻ ናቸው፦ በሰሜን በኩል ፈረንሳይ የምታስተዳድራቸው የከርጌለን ደሴቶች፣ ከእነሱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ደግሞ የአውስትራሊያ የሆኑት ሄርድና ማክዶናልድ። ሄርድ ላይ ቁመቱ 2,745 ሜትር የሆነ፣ በረዶ የለበሰ ሕያው እሳተ ገሞራ አለ። ዙሪያው ያለው የባሕር ወለል ከ4,000 ሜትር በላይ ይጠልቃል። አምባው ራስ ላይ ግን ሰሜኑ ክፍል ከ1,000 ሜትር ያነሰ፣ ደቡቡ ደግሞ ከ1,500 እስከ 2,000 ሜትር ገደማ ውሃ ነው ያለበት።

አምባ ያልኩት ለማማር አይደለም። ቦታው በአፈጣጠሩ የእኛው አገር ዘመድ ነው። የጎጃም ደጋ የተሠራው ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ ፈልቶ ወጥቶ በተነጠፈ ባዛልት ነው፤ ጮቄ ኋላ በዚያ ንጣፍ ላይ የበቀለ እሳተ ገሞራ ነው። ከርጌለንም እንዲሁ ከሥር በወጣ ትኩስ ቅልጥ ዓለት የተነጠፈ የባዛልት አገር ነው፤ መነጠፍ የጀመረው ግን ከ110 ሚሊዮን ዓመት በፊት ስለሆነ ከእኛው እጅግ ይቀድማል። ደግሞም ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1998 እና 1999 ወለሉን የቦረቦሩ ሳይንቲስቶች የእንጨት ቁርጥራጭና የዕፀዋት ቅሪት አውጥተዋል። አንድ ዘመን ላይ ደን የለበሰ ደረቅ ምድር ነበር፤ ኋላ ቀዝቅዞ ሰጠመ። ደጀን ላይ ቆሞ የአባይን በረሃ ግድግዳ ያየ ተማሪ፣ ያ ጥቁር የባዛልት ንጣፍ በሌላ የዓለም ጫፍ ባሕር ውስጥ ተዘፍቆ ቢያስበው ከእውነቱ ብዙ አይርቅም።

በዚህ አምባ ላይ የሚመጣው ጅረት ደግሞ በምድር ላይ ካሉት ሁሉ ትልቁ ነው። አንታርክቲካን ያለ ምንም የየብስ እንቅፋት ይዞራል፤ የሚነዳው ያለማቋረጥ ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ነው። መጠኑን በእኛው መለኪያ ላስላው። አባይ ሱዳን ድንበር ላይ በዓመት በአማካይ ወደ 49 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ያሳልፋል። በሰከንድ ሲመነዘር 1,550 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። አንታርክቲካን የሚዞረው ጅረት የተለካው ከ130 እስከ 170 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በሰከንድ ነው። መካከሉን 150 ሚሊዮን ብንይዝ ወደ 100 ሺህ አባይ ጎን ለጎን እንደማለት ነው። የዓለም ወንዞች ሁሉ ተደምረው የዚህን ጅረት አንድ በመቶ እንኳ አይሞሉም።

ወደ ምሰሶው ልመለስ፤ የጥያቄዎ ልብ ይህ ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ በቃል ሰምቼ አላመንኩም ነበር። ያመንኩት በዓይኔ ሳየው ነው፤ እርስዎም ክፍልዎ ውስጥ ሊያሳዩት ይችላሉ። ያረጀ የሸክላ ማጫወቻ ካገኙ፣ በደቂቃ 33 ዙር የሚዞረውን ማለቴ ነው፣ መሐሉ ላይ ጎኑ ቀጥ ያለ ክብ የብርጭቆ ሳህን ያስቀምጡ። ከአንድ ሊትር ያልበለጠ ውሃ ይጨምሩና ያዙሩት። ከዚያ 10 ደቂቃ አይንኩት። ይህ ትዕግሥት ወሳኝ ነው፤ ውሃው ከሳህኑ ጋር እኩል እስኪዞር መጠበቅ አለበት። እኩል መዞሩን የሚያውቁት ገጹ መሐሉ በትንሹ ጎድጎድ፣ ዳርዳሩ ከፍ ብሎ ሲረጋ ነው። ያን ጊዜ ጣትዎን አስገብተው በቀስታ አንዴ ነካ ያድርጉትና ሁለት ጠብታ ቀለም ከላይ ይጣሉ።

በቆመ ውሃ ውስጥ ቀለም ምን እንደሚሆን እናውቃለን፤ እንደ ጭስ ይበተናል፣ ይጠቀለላል፣ በየአቅጣጫው ይሄዳል። በሚዞረው ሳህን ውስጥ ግን እንዲህ አይሆንም። ቀለሙ ወደታች ቀጥ ብሎ ይወርድና እንደ ተሰቀለ መጋረጃ ይቆማል። መጋረጃው ይለጠጣል፣ ይጠማዘዛል፣ እንደ ቀጭን ነጠላ ይተጣጠፋል፤ ከላይ እስከ ታች ግን ቅርጹ አንድ ነው። ከጎን ሲያዩት ግድግዳ ነው፤ ከላይ ሲያዩት ግን በእርሳስ የተሰመረ ቀጭን መስመር ብቻ። የሚሽከረከር ውሃ በቁም አይዛነፍም። ላይኛው ሲሄድ ታችኛው አብሮ ይሄዳል።

እንግሊዛዊው ጄፍሪ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1923 ባሳተመው ሙከራ ከዚህ አንድ እርምጃ አልፎ የእርስዎን ጥያቄ በቀጥታ መለሰ። በሚሽከረከር ውሃ ውስጥ፣ ወለሉ ላይ፣ ቁመቱ አጭር የሆነ እንቅፋት አስቀምጦ በጣም በዝግታ ጎተተው። ከእንቅፋቱ በላይ ብዙ ነጻ ውሃ አለ፤ ውሃው በላዩ ማለፍ ይችል ነበር። ነገር ግን ከፍ ብሎ የነበረው ቀለም እንቅፋቱ ከላይ እስከ ታች የቆመ ያህል ዙሪያውን ዞረው እንጂ በላዩ አላለፈም። ሥሩ ያለው አጭር ነገር እስከ ገጹ ድረስ የማይታይ ምሰሶ አቆመ። የከርጌለን አምባም በውቅያኖስ ውስጥ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ በመጠኑ የተለዘበ ቢሆንም።

ምክንያቱን ለተማሪዎች ሲያስረዱ የሚሽከረከር ልጅን ይጥቀሱላቸው። እጁን ሰብስቦ ሲዞር ይፈጥናል፤ እጁን ሲዘረጋ ይዘገያል። የውሃ ምሰሶም እንዲሁ ነው። መሬት ስለምትዞር እያንዳንዱ የውሃ ምሰሶ አብሯት ይዞራል፤ ይህ ዙር ወደ ዋልታ ሲቀርቡ ይበረታል፣ ወደ ምድር ወገብ ሲቀርቡ ይደክማል፣ ምድር ወገብ ላይ ይጠፋል። አሁን 4,500 ሜትር ቁመት ያለው ምሰሶ 1,500 ሜትር ጥልቀት ወዳለው አምባ ልውጣ ቢል ይጨፈለቃል። ሲጨፈለቅ ይወፍራል፤ እጁን እንደዘረጋው ልጅ ማለት ነው። ዙሩም ይደክማል። ስለዚህ የደከመ ዙር ወደሚስማማው ቦታ፣ ማለትም ወደ ምድር ወገብ አቅጣጫ መሸሽ አለበት። በደቡቡ ንፍቀ ክበብ ያ አቅጣጫ ሰሜን ነው። ካርታዎ ላይ ጅረቱ ወደ ሰሜን ሲታጠፍ ያዩት ለዚህ ነው።

ምን ያህል መሸሽ እንዳለበትም ማስላት ይቻላል፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳይን የተማረ ልጅ ይሠራዋል። የዙሩ ብርታት ከኬክሮሱ ሳይን ጋር ተመጣጣኝ ነው። የ55 ዲግሪ ሳይን 0.82 ገደማ ነው። ቁመቱ ከ4,500 ወደ 1,500 ሲወርድ ሲሶ ሆኗል፤ ስለዚህ ዙሩም ሲሶ መሆን አለበት፣ 0.27። ይህ የ16 ዲግሪ ሳይን ነው። በሌላ አነጋገር ከ55 ዲግሪ ደቡብ የተነሳ የውሃ ምሰሶ ጥልቀቱ ሲሶ በሆነ ቦታ ላይ ለመውጣት ከፈለገ እስከ 16 ዲግሪ፣ ወደ ሰሜናዊ ማዳጋስካር ትይዩ ድረስ መሄድ ይኖርበታል። አይሆንም። ስለዚህ አይወጣም፤ ጥልቁን ይዞ ዳር ዳሩን ይዞራል።

እዚህ ላይ አንድ እርማት አስገድዶ ይመጣል። ይህ ስሌት ባሕሩ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ነው ብሎ ነው የሚጀምረው። እውነተኛው ባሕር ግን በጥቂቱ የተነባበረ ነው፤ ንብርብሩ እንደ ትራስ ሆኖ የወለሉን ግፊት ያለዝበዋል። በሞቃቱ የሕንድ ውቅያኖስ፣ ለምሳሌ ሶማሊያ ዳርቻ፣ ላይኛው ሙቅ ውሃ ከታችኛው ቀዝቃዛ ጋር ያለው የእፍግታ፣ ማለትም በእኩል መጠን ሲለካ ያለው የክብደት፣ ልዩነት ትልቅ ስለሆነ የላዩ ጅረት ወለሉን እምብዛም አይሰማውም። ዋልታው አካባቢ ግን ከገጹ እስከ ወለሉ ያለው የሙቀት ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ትራሱ ስስ ነው። የተራራው ቅርጽ በትራሱ ውስጥ አልፎ ገጹ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ተማሪ «ታዲያ ሌላ ቦታ ያለ የባሕር ውስጥ ተራራ ሁሉ ለምን እንዲህ አያደርግም?» ቢልዎት መልሱ ይኸው ነው፤ ከጠየቀም ጎበዝ ተማሪ ነው።

ጅረቱ ከርጌለን ላይ ሲደርስ በሦስት መንገድ ይከፈላል። ከግማሽ የሚበልጠው ከደሴቶቹ በስተሰሜን ይዞራል። ጥቂቱ በስተደቡብ፣ አምባውን ከአንታርክቲካ በሚለየው የልዕልት ኤልሳቤጥ ሸለቆ በኩል ያልፋል። እኔን እጅግ የሚማርከኝ ሦስተኛው ነው። ከሄርድ ደሴት በስተደቡብ፣ 56 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ አምባው ወገቡ ላይ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ፎን ይባላል። በካርታ ሲታይ ጠባብ ነው፤ ጥልቀቱ ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ለውሃ ምሰሶው መጨፈለቁን ይቀንስለታል። በእኛ አጠራር «በር» ነው የምለው፤ ጣርማ በር እንደምንለው፣ ግራና ቀኙ ከፍታ ሆኖ መንገድ ሁሉ የሚጠበብበት። እ.ኤ.አ. በ2009 በመርከብ በተደረገ ቀጥተኛ ልኬት በዚህ በር ብቻ በሰከንድ ወደ 43 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ሲያልፍ ተገኝቷል። ከ27 ሺህ አባይ በላይ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ ብዙ ካርታዎች በዚህ ቦታ ላይ ጉልህ ጅረት አያሳዩም ነበር፤ መርከብ እምብዛም አይደርስበትምና።

አሁን ወደ ፍሮንት። ባለሙያው ቃሉን እንዳለ ነው የሚጠቀምበት፤ እኔ ለተማሪ ሳስረዳ «የውሃ ድንበር» እላለሁ። በሙቀቱ፣ በጨዋማነቱና በእፍግታው የተለያየ ሁለት ውሃ የሚገናኝበት ጠባብ ሽንጥ ነው። አንታርክቲካን በሚዞረው ጅረት ውስጥ ዋና ዋና የሚባሉት ሦስት ናቸው፤ ከሰሜን ወደ ደቡብ ስንሄድ ንዑስ አንታርክቲክ ፍሮንት፣ የዋልታ ፍሮንትና የጅረቱ ደቡባዊ ፍሮንት። ከርጌለን ላይ የመጀመሪያው ከደሴቶቹ በስተሰሜን ያልፋል። ሁለተኛው ደሴቶቹን በደቡብ በኩል ተጠግቶ አልፎ ወዲያው በምሥራቅ ዳርቻቸው ወደ ሰሜን ይታጠፋል። ሦስተኛው የፎንን በር ይዞ ይሻገራል። ትልቁ ነጥብ ድንበሩና ጅረቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አለመሆናቸው ነው፤ ጅረቱ የሚፈጥነው እነዚህ ድንበሮች ላይ ነው፣ በመካከላቸው ያለው ውሃ በአንጻሩ ዝግ ያለ ነው።

የዋልታውን ፍሮንት አንድ ሌሊት መርከብ ላይ ተረኛ ሆኜ ተሻግሬዋለሁ። መርከቧ የባሕር ውሃ ስባ ሙቀቱን በየደቂቃው የሚያሳይ ሰሌዳ ነበራት። ከምሽቱ ጀምሮ ቁጥሩ 5 ዲግሪ አካባቢ ረግቶ ነበር። ሌሊቱ ሲጋመስ 4.6 ሆነ፣ ጥቂት ቆይቶ 4.1፣ ከዚያ 3.4። ሻይ ቀድቼ ስመለስ ከ3 በታች ወርዶ ቆሟል። ከዚያ እስኪነጋ አልተንቀሳቀሰም። ወጣ ብዬ ሳይ ጭጋግ ወርዷል፤ እናቴ የፈተለችውን ጋቢ ከካፖርቱ ሥር ደርቤም ብርዱ ሌላ ነበር። የውሃው ቀለም ግን ያው ነው፤ መስመር የለም፣ አጥር የለም። ድንበሩን ያየው ቴርሞሜትሩ ብቻ ነው። ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትር ውስጥ ሁለት ዲግሪ መውረድ ለደጋ ሰው ትንሽ ይመስላል፤ ለባሕር ግን ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር መግባት ነው።

እንዴት ሳይደባለቅ ይቀራል ላሉት፦ እኛ ጎጃሞች አባይ ከጣና ሳይቀላቀል አቋርጦ ይወጣል እየተባለ ነው ያደግነው። በክረምት ደለል ያዘለው የግልገል አባይ ውሃ ሐይቁ ሲገባ ቀለሙ ለብቻው ስለሚታይ አባቶቻችን ያዩትን ነው የተናገሩት። ነገር ግን ጣና ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አያልፍም፤ ነፋስ ያማስለዋልና ውሃው ከባሕር ዳር በፊት ይደባለቃል። በዋልታው ባሕር ግን ነገሩ በእርግጥ አለ፤ የሚያደርገውም ያው የመሬት መሽከርከር ነው።

በስተሰሜን ያለው ሙቅ ውሃ ቀላል ስለሆነ ገጹ ከፍ ይላል፤ በስተደቡብ ያለው ከባድ ስለሆነ ዝቅ ይላል። መሬት ባትሽከረከር ኖሮ ሙቁ ወደ ደቡብ በላይ፣ ቀዝቃዛው ወደ ሰሜን በሥር ተንሸራቶ ነገሩ ያልቅ ነበር። ነገር ግን በደቡቡ ንፍቀ ክበብ የሚንቀሳቀስ ሁሉ በመሬት ዙር ምክንያት ወደ ግራው ይሳባል። ወደ ደቡብ መውረድ የጀመረው ውሃ ወደ ግራው፣ ማለትም ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል። ወደ ምሥራቅ ሲሄድ ግራው ሰሜን ነው፤ ስለዚህ ወደ ሰሜን የሚስበው ኃይል ወደ ደቡብ ከሚገፋው ግፊት ጋር እኩል ይሆናል። ውሃው ቁልቁለቱን አይወርድም፤ ቁልቁለቱን በጎኑ ይዞ አግድም ይሄዳል። ሁለቱ ውሃዎች እየተያዩ ጎን ለጎን ይነጉዳሉ እንጂ አይሻገሩም። ከአባይ ጋር ያለው ትልቁ ልዩነትም ይህ ነው፤ አባይ ቁልቁለቱን ይወርዳል፣ ይህ ጅረት ቁልቁለቱን ይታከካል።

ቁልቁለቱ ምን ያህል ነው? ጅረቱ በሰከንድ ግማሽ ሜትር፣ ማለትም በሰዓት ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ እንደ ገበያተኛ አህያ እንኳ አይፈጥንም። ይህን ለመሸከም የባሕሩ ገጽ በ50 ኪሎ ሜትር ውስጥ 30 ሳንቲ ሜትር ማዘቅዘቅ ይበቃዋል፤ በአንድ ኪሎ ሜትር 6 ሚሊ ሜትር። መርከበኛ አያየውም፤ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የባሕርን ገጽ ከፍታ በራዳር የሚለኩ ሳተላይቶች ግን ያዩታል። ዛሬ የፍሮንት ካርታ የሚሳለው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው።

ድንበሩ ግን አያፈስም ማለት አይደለም። ጅረቱ አምባውን አልፎ በስተምሥራቅ ጥልቁ ላይ ሲደርስ የተጨፈለቀው ምሰሶ እንደገና ይለጠጣል፤ ወደ ደቡብ ይመለሳል፣ ይወዛወዛል፣ ሲወዛወዝም ስፋታቸው አሥሮች ኪሎ ሜትር የሆኑ አዙሪቶች ይገነጥላል። ከሰሜን የተገነጠለ አዙሪት ሙቅ ውሃ አቅፎ ወደ ደቡብ ይሻገራል፣ ከደቡብ የተገነጠለውም በተቃራኒው። ሙቀት ወደ አንታርክቲካ ከሚደርስባቸው ዋና መንገዶች አንዱ ይህ የአዙሪት ልውውጥ ነው። አዙሪቱ ደግሞ በየቦታው እኩል አይበዛም፤ የሚበዛው እንደ ከርጌለን ባሉ እንቅፋቶች ጀርባ ነው። የባሕሩን ወለል ሳያውቁ የአየር ንብረትን መተንበይ ከባድ የሚሆነው አንዱ በዚህ ነው።

ከሁሉም በታች ደግሞ ሌላ ጅረት አለ። ደጀን ያደገ ሰው የጠዋቱን ጉም ያውቀዋል። ደጋው ጸድቶ ፀሐይ ወጥታ ሳለ የአባይ በረሃ በነጭ ጉም ይሞላል፤ ጉሙ ገደሉን አይወጣም፣ ሸለቆውን ተከትሎ ይተኛል። ቀዝቃዛና ከባድ አየር ስለሆነ ነው። አንታርክቲካ ዳርቻ ላይ ባሕሩ በረዶ ሲሠራ ጨው ይተፋል፤ የቀረው ቀዝቃዛና ጨዋማ ውሃ ከባድ ሆኖ ወደ ወለሉ ይወርዳል። ይህ የወለል ውሃ ወደ ሰሜን ሲጓዝ የከርጌለንን አምባ ሊወጣ አይችልምና ምሥራቃዊ ግርጌውን ተደግፎ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2005 ወለሉ ላይ በታሰሩ መለኪያዎች ሲጠና በሰከንድ ወደ 12 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚሆን የወለል ውሃ በዚያ መንገድ ወደ ሰሜን ሲያልፍ ተገኘ፤ 3,500 ሜትር ጥልቀት ላይ ፍጥነቱ በአማካይ በሰከንድ ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ነበር። ያን ያህል ጥልቀት ላይ እንዲህ ያለ ፍጥነት ብዙ ጊዜ አይገኝም። ምዕራባዊውን ግርጌ ለምን አልመረጠም ቢሉኝ፣ ይህም የዙሩ ሥራ ነው፤ ወደ ሰሜን የሚሄድ የወለል ውሃ ወደ ግራው፣ ወደ ምዕራብ ተስቦ ግድግዳ ይደገፋል፣ አምባው ደግሞ በግራው ነው።

ይህ ሁሉ መረጃ ከየት መጣ ለሚል ተማሪ አንድ ነገር ይንገሩልኝ፣ ይወደዋል። በክረምት ያንን ባሕር መርከብ አይደፍረውም። ከርጌለን ደሴቶች ላይ ግን ኤለፈንት ሲል የሚባል ግዙፍ የባሕር እንስሳ ይኖራል፤ ምግቡን ፍለጋ በመቶዎች ሜትር፣ አንዳንዴም ከ1,000 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ተመራማሪዎች በራሱ ጠጉር ላይ ትንሽ የሙቀትና የጨዋማነት መለኪያ ይለጥፉለታል። እንስሳው ጠልቆ ሲወጣ የለካው በሳተላይት ይላካል። በዓመቱ ጠጉሩን ሲያረግፍ መሣሪያውም አብሮ ይወድቃል፤ ጉዳት የለውም። የፎንን በር ጅረት በደንብ ለማወቅ ከረዱን መካከል እነዚህ እንስሳት አሉበት።

አምባው ለሕይወትም በር ነው። የደቡቡ ባሕር ናይትሬትና ፎስፌት ሞልቶት ሳለ አብዛኛው ቦታ አረንጓዴ አይሆንም፤ የጎደለው ብረት ነው። ከርጌለን ላይ ውሃው ከአምባው ጋር ሲታከክ ብረት ይዞ ይወጣል፤ በዚያ አገር በጋ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ፋይቶፕላንክተን የሚባለው በዓይን የማይታይ ደቃቅ የባሕር ዕፅ ይፈላል። ከሳተላይት ሲታይ ከደሴቶቹ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋ አረንጓዴ ጅራት ነው። የፈረንሳይ መሪነት ያለው ኬኦፕስ የተባለው ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2011 ይህን አጥንቷል። የአረንጓዴው ሰሜናዊ ጠርዝ ብዙ ቦታ ላይ የዋልታውን ፍሮንት ተከትሎ ይሄዳል፤ ፔንግዊኖቹም ዓሣ ፍለጋ ወደዚያው ይዋኛሉ።

ሰሌዳ ላይ ሲስሉት እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ፦ አምባውን ረዝሞ የተጋደመ አድርገው ይሳሉና ወገቡ ላይ ስንጥቅ ይተዉ። ከምዕራብ የሚመጣውን አንድ ወፍራም ፍላጻ በሦስት ይክፈሉት፤ የሰሜኑን በጣም አወፍረው፣ የመካከሉን ግማሹን ያህል፣ የደቡቡን ቀጭን። ከአምባው በስተምሥራቅ ፍላጻዎቹን ወደ ደቡብ መለስ አድርገው ክብ ክብ አዙሪቶች ይጨምሩ። የወለሉን ውሃ በሌላ ቀለም ጠመኔ ምሥራቃዊውን ጎን አስጠግተው ወደ ሰሜን ይሳቡት። ጎጃምንና አባይን ከጎኑ ቢስሉ አልቃወምም፤ አባይ ላይ «ቁልቁለቱን ይወርዳል»፣ ከርጌለን ላይ «ቁልቁለቱን ይታከካል» ብለው ይጻፉበት። የሸክላ ማጫወቻውን ሙከራ ከሠሩ ደግሞ የቀለሙ መጋረጃ ስንት ደቂቃ እንደቆመ ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል፤ የሳህኑ ስፋትና የውሃው ጥልቀትም ቢጨመርበት አብረን እናሰላዋለን።